መድኃኒትም መርዝም፦ የሻማኖች ትምባሆ በሳይንስ ዓይን

ልጅ ሳለሁ በአያቴ ቤት ጣሪያ ሥር ተንጠልጥለው ከሚደርቁት ቅጠሎች መካከል አንዱ ትምባሆ ነበር። አያቴ ጋያም ሆነ ሱረት በደጃቸው አያስደርሱም፤ ቅጠሉን የሚያስቀምጡት ለአልቅት ነው። በበጋ ወራት ከብቶች ከረጋ ውሃ ሲጠጡ አልቅት በአፍንጫቸው ትገባና ደማቸውን ትመጣለች። ያን ጊዜ አያቴ ደረቁን ቅጠል በመዳፋቸው አድቅቀው በውሃ ይዘፈዝፉና ጭማቂውን በበሬው አፍንጫ ያንጠባጥቡታል። ብዙም ሳይቆይ አልቅቷ ተኮማትራ ትወድቃለች። አንድ ዓመት አያቴ በሌሉበት ይህንኑ ሲያይ የኖረ ጎረምሳ ዘመዳችን ለአንዲት ጥጃ ጭማቂውን ከመጠን በላይ ጋታት። ጥጃይቱ ለሐጯ ተዝረከረከ፣ ተንቀጠቀጠች፣ በጎኗ ወደቀች፣ ሳይመሽም ሞተች። አያቴ ሲመለሱ የተናገሩት ጥቂት ነው፦ «ቅጠሉ ያው ቅጠል ነው፤ ያጠፋው እጅ ነው።»

ይህን ያስታወሰኝ በክፍል ውስጥ የገጠመኝ ጥያቄ ነው። ስለ ብርሃን መበተን ሳስተምር የትምባሆን ጭስ በምሳሌነት አንሥቼ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ አንድ ተማሪ ጠጋ ብሎ፣ «ዶክተር፣ በአማዞን ደን የሚኖሩ ሻማኖች በትምባሆ በሽተኛ ሲፈውሱ በፊልም አይቻለሁ። እነሱ ለብዙ ዘመን መድኃኒት ያሉትን እርስዎ መርዝ ይሉታል። ማንን እንመን?» ሲል ጠየቀኝ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ደግሞ ሳቅ ብሎ፣ «ጥንቆላ አይደለም እንዴ? ምኑ ይጠናል?» አለ።

የመጀመሪያው ተማሪ ነገሩ ጥንታዊ በመሆኑ ብቻ ሊያምነው ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ደግሞ የሰዎቹን ማብራሪያ ስላልተቀበለ ምልከታቸውንም አብሮ ጥሎታል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም አንድ ስሕተት ሠርተዋል፤ ይኸውም ምልከታንና ማብራሪያን አለመለየት ነው። የሻማኖች ትምባሆ ይህን ልዩነት ለመረዳት እጅግ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ከዚህ በታች በዝርዝር እንመለከተዋለን። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በመጨረሻ ከሚነሣው የአገራችን አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻማን ማን ነው?

«ሻማን» የሚለው ቃል የመጣው ከሳይቤሪያ ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን፣ ዛሬ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ከመናፍስት ጋር እገናኛለሁ ብሎ በሽተኛን ለሚያክም ሰው ሁሉ ይነገራል። በአማርኛ «ጠንቋይ» ብለን ብንተረጉመው የሰውየውን ማኅበራዊ ቦታ እናዛባለን፤ ሻማን በኅብረተሰቡ ዘንድ ሐኪምም፣ ካህንም፣ አስታራቂም ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ መውሰዱ ይሻላል።

ትምባሆ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ሰዎች ከትምባሆ ጋር የተዋወቁበትን ዘመን ከሚያመለክቱ መረጃዎች እጅግ ጥንታዊው በ2021 ይፋ የሆነው ግኝት ነው፤ በዩታ በረሃ ከአንድ ጥንታዊ ምድጃ አመድ ውስጥ የተገኙት የትምባሆ ፍሬዎች ዕድሜ ወደ 12,300 ዓመት ይጠጋል። በደቡብ አሜሪካ ደግሞ ትምባሆ ከሻማኖች ሥራ ጋር በጥብቅ ተሳስሯል። ይህን ጉዳይ በስፋት ያጠኑት ጀርመን ተወላጁ አንትሮፖሎጂስት ዮሐንስ ዊልበርት ሲሆኑ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቬኔዝዌላ፣ በኦሪኖኮ ወንዝ ዴልታ፣ በዋራኦ ሕዝብ ዘንድ ምርምር አካሂደዋል። በትምባሆና በሻማኖች ላይ የጻፉት መጽሐፍ በ1987 ታትሟል።

በዋራኦዎች እምነት መናፍስት የሚመገቡት የትምባሆ ጭስ ነው። ራሳቸው ትምባሆን ማብቀል ስለማይችሉ ምግባቸውን ከሰው ይጠብቃሉ፤ ከተራቡ በሽታ ይልካሉ። የሚመግባቸው ሻማኑ ነው። ለዚህም በዘንባባ ዓይነት ተክል ስስ ሽፋን የተጠቀለለና ርዝመቱ እስከ 75 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሲጋር ያጨሳል። ለሹመቱ የሚዘጋጅ ወጣት ራሱን እስኪስት ድረስ ማጨስ ይኖርበታል፤ ያ መውደቅ ሞት፣ መንቃቱም ከሙታን መመለስ ሆኖ ይቆጠራል። በሌሎች የአማዞን ሕዝቦች ዘንድ ደግሞ ትምባሆ ይጠጣል፣ ይላሳል፣ በአፍንጫ ይሳባል። በፔሩ ባህላዊ ሐኪሙ ጭሱን በበሽተኛው ራስና በታመመው አካል ላይ እፍ ይላል።

ይህ ሁሉ እምነት ነው፤ እምነቱን መመርመር የፊዚክስ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በሥርዓቱ ውስጥ የሚታዩና የሚለኩ ነገሮች አሉ። ሻማኑ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ ጭሱ ይታያል፤ ተውሳክ ይሞታል። እነዚህን እንያቸው።

ተክሉ ለራሱ የሠራው መሣሪያ

በትምባሆ ውስጥ ዋናው አድራጊ ኒኮቲን ነው። ስሙ የተገኘው በ1560 በሊዝበን የፈረንሳይ አምባሳደር ሆኖ ትምባሆን ወደ አገሩ ቤተ መንግሥት ከላከው ከዣን ኒኮ ነው። ኒኮቲንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅጠሉ ለይተው ያወጡት ፖሴልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1828 በሃይድልበርግ ነው።

ተክሉ ኒኮቲንን የሚሠራው ለሰው ብሎ አይደለም። በሥሩ ያመርተውና ወደ ቅጠሉ ይልከዋል፤ ነፍሳት ቅጠሉን ሲበሉትም ምርቱን ይጨምራል። ኒኮቲን የነፍሳትን ነርቭ የሚያውክ መርዝ ነው። በዚህም ምክንያት ገበሬዎች ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ከመፈልሰፉ በፊት የትምባሆ ውሃን በሰብል ላይ ይረጩ ነበር።

የትምባሆ ዝርያዎች በኒኮቲን መጠናቸው ይለያያሉ። ለሲጋራ የሚውለው የተለመደው ዝርያ ከደረቅ ክብደቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ኒኮቲን ይይዛል። የአማዞን ሻማኖች አዘውትረው የሚጠቀሙበትና በፔሩ «ማፓቾ» የሚባለው ኒኮቲያና ሩስቲካ ግን እስከ 9 በመቶ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሻማኑ በመዳፉ የያዘው ቅጠል በከተማ ሱቅ ከሚሸጠው በብዙ እጥፍ የበረታ ነው ማለት ነው።

የሚታይ እስትንፋስ

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ሲጋራ በሚሳብበት ቅጽበት የፍሙ ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ኒኮቲን የሚፈላው በ247 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከፍሙ ጀርባ ባለው ቅጠል ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሳይቃጠል በፊት በከፊል ይተንና ከአየሩ ጋር ይሳባል፤ ወዲያው ሲቀዘቅዝም ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። ጭስ የምንለው በአመዛኙ ይኸው የጠብታዎች ደመና ነው። የአብዛኞቹ ጠብታዎች ስፋት ከአንድ ማይክሮ ሜትር በታች ሲሆን፣ በአዲስ ጭስ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ይገኛሉ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ከሲጋራ ጫፍ የሚወጣው ጭስ ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ከሰው አፍ የሚወጣው ግን ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ምክንያቱ የጠብታዎቹ መጠን ነው። ከብርሃን የሞገድ ርዝመት በጣም ያነሰ ብናኝ ብርሃንን የሚበትነው ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ነው። የሰማያዊ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 450፣ የቀዩ ደግሞ 650 ናኖ ሜትር ብንል ሰማያዊው ከቀዩ ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። ሰማይ ሰማያዊ የሆነበትም ሕግ ይኸው ነው። ጭሱ በእርጥብ ሳንባ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ግን ጠብታዎቹ ውሃ ጠጥተውና እርስ በርስ ተጣብቀው ያድጋሉ። ያደጉ ጠብታዎች ሁሉንም ቀለማት በተቀራራቢ መጠን ስለሚበትኑ ጭሱ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ሻማኑ ያየውም ይህንኑ ነው። እስትንፋስ በተፈጥሮው አይታይም፤ የሕይወት ምልክትም እርሱ ነው። ሰው ጭስ ስቦ ሲያወጣ ግን የማይታየው እስትንፋስ ቅርጽ ይዞ፣ ተጠምዝዞ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል። ወደ ሰማይ የሚላክ መብል አድርጎ ማሰቡ ከዚህ ምልከታ በጣም የራቀ አይደለም። ሙቅ ጭስ ወደ ላይ የሚወጣው ከአካባቢው አየር ስለሚቀል መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን፤ መውጣቱን ግን እርሱም በትክክል አይቷል።

አመድ የተጨመረበት ምክንያት

በኮሎምቢያና በፔሩ ድንበር አካባቢ የሚኖሩ እንደ ዊቶቶ ያሉ ሕዝቦች «አምቢል» የሚባል ጥቁር የትምባሆ ልቁጥ ያዘጋጃሉ። ቅጠሉን ቀቅለው ካወፈሩት በኋላ ከተወሰኑ ዕፀዋት አመድ ተጣርቶ የሚወጣ ጨው ይጨምሩበታል። ይህ ጨው ለምን አስፈለገ?

ኒኮቲን ቤዝ ነው። አሲዳማ በሆነ ውሃ ውስጥ ፕሮቶን ተቀብሎ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፤ ቻርጅ ያለው ሞለኪውል ደግሞ ከቅባት የተሠራውን የህዋስ ሽፋን በቀላሉ አያልፍም። አልካላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ግን ፕሮቶኑን ይለቅና ነፃ ይሆናል፤ ሽፋኑንም ሰንጥቆ ወደ ደም ይገባል። ሁለቱ መልኮች እኩል የሚሆኑት በፒኤች 8 አካባቢ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ሊሠራው በሚችለው ስሌት መሠረት በፒኤች 6 ነፃ የሚሆነው ኒኮቲን 1 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በፒኤች 9 ግን 91 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ጥቂት የአመድ ጨው በአፍ ውስጥ ለመግባት የተዘጋጀውን ኒኮቲን ወደ ዘጠና እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል።

ዊቶቶዎች ስለ ፕሮቶን አያውቁም ነበር፤ የትኛው አመድ ልቁጡን እንደሚያበረታው ግን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት የእነሱ ብቻም አይደለም። በጎረቤታችን በሱዳን ቱምባክ የሚባለው በከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ የሚሠራው ከዚያው ከኒኮቲያና ሩስቲካ ሲሆን፣ አልካላይ የሆነ የሶዲየም ጨው ይጨመርበታል። ውጤቱም ያው ነው። ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ቱምባክ ካንሰር አምጪ በሆኑ ናይትሮሳሚን በሚባሉ ውሁዶች የተሞላ ነው፤ ከአፍ ካንሰር ጋርም ተያይዟል። ቅመማው በኬሚስትሪ ትክክል መሆኑ ለጤና ትክክል አያደርገውም።

ሞቶ መነሣት

በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ ለነርቭ፣ ነርቭም ለጡንቻ ከሚያስተላልፍባቸው ኬሚካላዊ መልእክተኞች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው። መልእክቱን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች አሉ። አሴቲልኮሊን መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ኤንዛይም ወዲያው ያፈርሰዋል። ኒኮቲን በቅርጹ መልእክተኛውን ስለሚመስል በእነዚሁ ተቀባዮች ላይ ይቀመጣል፤ ኤንዛይሙ ግን ሊያፈርሰው አይችልም። በመሆኑም ተቀባዩ በመጀመሪያ ከልክ በላይ ይነቃቃል፤ ኒኮቲኑ ሲበዛ ደግሞ ይደነዝዝና ምላሽ መስጠት ያቆማል። አንድ ንጥረ ነገር በትንሹ ቀስቃሽ፣ በብዙው አደንዛዥ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የ«ተቀባይ» ጽንሰ ሐሳብ ራሱ የተወለደው ከኒኮቲን ጋር ነው። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሊ በ1889 ኒኮቲንን በነርቭ ቋጠሮዎች ላይ በመቀባት የነርቮችን መንገድ ተከታተለ፤ በ1905 ደግሞ በህዋሱ ላይ መልእክት ተቀባይ ነገር መኖር አለበት ሲል ጻፈ። የዘመናዊ መድኃኒት ጥናት በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ሻማኑን እንመልከት። ጭስ የተሳበበት ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ብዙ ሲሆን ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የፊት መገርጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይከተላል። የሚያየው ሰው ሞተ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጉበት ኒኮቲንን በፍጥነት ያፈርሳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ4 ሰዓት ሩብ፣ በ6 ሰዓት አንድ ስምንተኛ ብቻ ይቀራል። ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚመነምንበት ቀመር ይህንንም ይገልጻል። ሻማኑ የሚነሣው ለዚህ ነው፤ ካልተሳሳተ።

ምን ያህል ኒኮቲን ሰውን ይገድላል? ለብዙ ዘመን በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ቁጥር 60 ሚሊ ግራም ነበር። በ2014 የግራዝ ዩኒቨርሲቲው በርንት ማየር የቁጥሩን ምንጭ ተከታትለው ሲመረምሩ፣ አስተማማኝ ባልሆኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙከራዎች ላይ የተመሠረተ ሆኖ አገኙት፤ በአፍ የተወሰደ ገዳይ መጠን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ሳይሆን አይቀርም ሲሉም ደመደሙ። እኛም ማብራሪያችንን ብቻ ሳይሆን ቁጥሮቻችንን ጭምር መመርመር እንዳለብን ይህ ያስተምረናል። ይሁንና 100 ግራም የበረታ ማፓቾ እስከ 9 ግራም ኒኮቲን ሊይዝ እንደሚችል ካሰብን፣ የተሻሻለው ቁጥርም ቢሆን መጽናኛ አይሆንም።

ታዲያ ይፈውሳል?

በመጀመሪያ ግልጽ የሆነውን እንውሰድ። በአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች በሰው ቆዳ ሥር የሚያድጉ የዝንብ እጮች አሉ፤ የትምባሆ ጭማቂ በቁስሉ ላይ ሲደረግ እጩ ይደክማል ወይም ይሞታል። ሻማኑ «ከሕመምተኛው አካል ትል አወጣሁ» ሲል ቃል በቃል እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። የአያቴም የአልቅት መድኃኒት ከዚሁ ይመደባል። እንዲያውም በ1930ዎቹ ዊልሄልም ፌልድበርግ የተባለው ሳይንቲስት በለንደን እጅግ አነስተኛ አሴቲልኮሊንን ለመለካት የተጠቀመው በአልቅት ጡንቻ ነበር፤ ጡንቻው ለዚህ መልእክተኛ በጣም ንቁ ስለሆነ ወዲያው ይኮማተራል። መልእክተኛውን የሚመስለው ኒኮቲንም በዚያው መንገድ ይሠራል። በበሬ አፍንጫ ውስጥ የተጣበቀችው አልቅት የምትኮማተረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሥርዓቱ ኃይል ነው። በሽተኛው ብቻውን አይተኛም፤ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ የሚያከብረው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይዘምርለታል፤ ለሥቃዩ ስም ይሰጠዋል። ተስፋና እንክብካቤ የሕመም ስሜትን፣ ጭንቀትንና ማቅለሽለሽን እንደሚቀንሱ በዘመናዊ ሕክምናም ተረጋግጧል። ነገር ግን ተስፋ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ አይገድልም፤ ዕጢንም አያሟሽሽም። የትምባሆ ሥርዓት እንዲህ ያሉትን በሽታዎች እንደሚያድን በቁጥጥር የተካሄደ ሙከራ አላሳየም።

ሦስተኛው ጉዳቱ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «መንጻት» ፈልገው ወደ ፔሩ የሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች በርክተዋል፤ ከእነዚህም መካከል የትምባሆ ውሃ ጠጥተው ሕይወታቸው ያለፈ መኖራቸው ተዘግቧል። መጠኑን የሚያውቀው እጅ ከሌለ ቅጠሉ ያው የጥጃይቱ ቅጠል ነው።

አውሮፓውያንም በዚህ ላይ ብዙ የሚታበዩበት ነገር የላቸውም። የሴቪሊያው ሐኪም ኒኮላስ ሞናርዴስ በ1571 ባወጣው ጽሑፍ ትምባሆን ለበርካታ በሽታዎች መድኃኒት አድርጎ አቅርቦት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በለንደን ውሃ የበላውን ሰው ነፍስ ለመመለስ የትምባሆ ጭስ በወናፍ በፊንጢጣው ይነፉበት ነበር። ልማዱ መመናመን የጀመረው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ብሮዲ በ1811 ትምባሆ የእንስሳትን ልብ እንደሚያውክ በሙከራ ካሳየ በኋላ ነው። በሻማኑና በለንደኑ ሐኪም መካከል የነበረው ልዩነት የአእምሮ አልነበረም፤ አንዱ ወገን ልማዱን በሙከራ መፈተን ጀመረ፤ ልማዱም ፈተናውን ወደቀ።

ከሥርዓት ወደ ፋብሪካ

«ለሺህ ዓመታት ጥቅም ላይ የዋለ ነገር እንዴት ይጎዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የምናየው ሲጋራ የሻማኑ ትምባሆ አይደለም። አሜሪካዊው ጄምስ ቦንሳክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው መኪና በቀን 120,000 ያህል ሲጋራ ይጠቀልል ነበር። ለሲጋራ የተመረጠው በሙቅ አየር የሚደርቅ ለስላሳ ትምባሆ ሲሆን፣ ጭሱ አሲዳማ ነው። ከላይ እንዳየነው በአሲድ ውስጥ ኒኮቲን በአፍ ሽፋን በደንብ አያልፍም፤ ጭሱም ጉሮሮ ስለማይቆጠቁጥ እስከ ሳንባ ድረስ ይሳባል። በዚያ ደግሞ ከ50 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ስስ ሽፋን ይጠብቀዋል።

በቀን 20 ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በእያንዳንዱ አሥር ጊዜ ቢስብ በቀን 200፣ በዓመት 73,000 ጊዜ ለአንጎሉ ኒኮቲን ይልካል። ሻማኑ በሥርዓት የሚወስደውን ኃይለኛ መጠን ፋብሪካው ወደ ጥቃቅን ክፍልፋይ ለውጦ የዕለት ተዕለት ሱስ አደረገው። ከጭሱ ጋር ደግሞ ካንሰር አምጪ የሆኑ በርካታ ውሁዶች ይገባሉ። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በ1950 ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር ያያያዘውን ጥናታቸውን አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። ትምባሆን እንደ ቅዱስ ተክል የሚያከብሩ በርካታ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ዛሬ ልጆቻቸውን «የሥርዓቱን ትምባሆ ከንግዱ ትምባሆ ለዩ» እያሉ ያስተምራሉ። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን የከለከለው ይህ ዕውቀት ስላለ ነው።

ለሁለቱ ተማሪዎች

«ማንን እንመን?» ላለው ተማሪ መልሴ፣ ሰውን ሳይሆን ፈተናውን የሚል ነው። ሻማኑ ትምባሆ ትልን ይገድላል፣ ሰውን ይጥላል፣ አመድ ያበረታዋል ሲል ተፈትኖ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። መናፍስት ጭስ ይበላሉ፣ ሲራቡም በሽታ ይልካሉ ሲል ግን ላቦራቶሪ የሚመዝነው ነገር አልሰጠንም።

«ምኑ ይጠናል?» ላለው ደግሞ መልሴ ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ነው። የብርሃን መበተን፣ የአሲድና የቤዝ ሚዛን፣ የነርቭ መልእክት፣ የመመንመን ሕግ በአንድ ቅጠል ውስጥ ተገኝተዋል። በየመንደራችን ያሉ አዛውንቶች በሬን፣ ጥጃንና አልቅትን ሲያዩ ኖረው ያከማቹት ምልከታ ብዙ ነው። አብዛኛው አልተጻፈም፤ ባለቤቶቹም እያለፉ ነው። በዚህ የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ጠይቁ፣ መዝግቡ። ስትመዘግቡም ያዩትን በአንድ ዓምድ፣ የሰጡትን ምክንያት በሌላ ዓምድ ጻፉ። መጠኑንም አትርሱ። አያቴ ስንት ቅጠል በስንት ውሃ እንደሚዘፈዝፉ ሳልጠይቃቸው አልፈዋል፤ እኔም ዛሬ ድረስ አላውቀውም።